«ምንም አልሆንኩም» ለምትል ባልደረባ፦ የጤና ባለሙያዎችን አእምሮ ለመደገፍ ከየት እንጀምር?

ሌሊት ነው። ሕፃኑ አልተረፈም። 40 ደቂቃ ሙሉ እየተፈራረቁ ደረቱን ከተጫኑት አንዷ ነርስ እጇን ልትታጠብ ወደ ቧንቧው ሄደች። ሳሙና ቀባች፣ አለቀለቀች። ደግማ ቀባች፣ አለቀለቀች። ሦስተኛ ጀመረች። ውኃው ዝም ብሎ ይፈሳል። አጠገቧ ቆሜ «ደህና ነሽ?» አልኳት። «ምንም አልሆንኩም» አለችኝ። ቧንቧውን በክርኗ ዘጋችና 6 ቁጥር አልጋ ላይ ያለችውን ልጅ ሙቀት ልትለካ ሄደች።

እኔም አመንኳት። እንዲያውም በልቤ «ጎበዝ» አልኩ። የዋርዱ ኃላፊ ነበርኩና የሚቀጥለውን ሳምንት የዲዩቲ ፕሮግራም ስሠራ ሦስት ሌሊት አከታትዬ አስገባኋት። ሁለት ወር ሳይሞላ የሥራ መልቀቂያዋን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። «በግል ጉዳይ» ይላል፣ ሌላ ምንም የለውም።

ከዚህ በታች ያለው ያኔ ማወቅ የነበረብኝ ነገር ነው። የጻፍኩት ለዋርድ ኃላፊዎች፣ ለፈረቃ አስተባባሪዎች፣ አብሮት የሚሠራው ሰው ሁኔታ ላሳሰበው ሁሉ ነው። የሥነ አእምሮ ባለሙያ መሆን አይጠበቅባችሁም። አንድ ነገር ብቻ ከወዲሁ ልበል፦ ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። መጀመሪያ ሥራው ይስተካከላል፤ ወደ ሰውየው የምንሄደው ከዚያ በኋላ ነው። 30 ሰዓት ያቆማችሁትን ሰው «እስቲ በረጅሙ ተንፍስ» ብትሉት ቢስቅባችሁ አይፈረድበትም።

ደረጃ 1፦ የምታዩት ነገር ምን እንደሆነ ለዩ

እኛ ቤት «ደክሞኛል» የማይሸፍነው ነገር የለም። በሽተኛ «አሞኛል» ብሎ ሲመጣ የቱ ጋ፣ ከመቼ ጀምሮ ብለን እንጠይቃለን። ለባልደረባችን ግን ይህን አናደርግም። ቢያንስ አራቱን ለዩ።

ተራ ድካም ሁለት ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ ሲገኝ ይለቃል። ብዙም አያሳስብም።

በርንአውት ሌላ ነው። ቃሉን በዚህ ትርጉም ያስለመደው ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ ጉዳዩ የጻፈው ኒውዮርክ ውስጥ በአንድ ነፃ ክሊኒክ በበጎ ፈቃድ ሲሠራ ያየውን ይዞ ነው። ስለዚህ ነገሩ ገና ከጅምሩ የእኛው ቤት ጉዳይ ነበር ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ሲገልጸው በሽታ አላለውም። በአግባቡ ካልተያዘ፣ ሥር ከሰደደ የሥራ ጭንቀት የሚመጣ ችግር ነው ያለው። ሦስት መልክ አለው፦ ጉልበት ተሟጦ ማለቅ፣ ከሥራው በልብ መራቅ ወይም ሁሉንም ነገር በምሬት ማየት፣ «የምሠራው ምንም አይረባም» የሚል ስሜት።

ሁለተኛውን መልክ በጆሮ ታውቁታላችሁ። በሽተኛን በአልጋ ቁጥር መጥራት ሁላችንም የምናደርገው ነው፤ እኔም ከላይ አድርጌዋለሁ። ድሮ የእያንዳንዱን በሽተኛ ስምና የአስታማሚውን ጭምር ታውቅ የነበረች ነርስ «ያ ሐሞት ጠጠሩ አሁንም ወደ ቤቱ አልሄደም?» ማለት ስትጀምር ግን ልብ በሉ። ክፉ ሆና አይደለም። ልቧ ራሱን ለመከላከል በር እየዘጋ ነው።

ሦስተኛው የኅሊና ቁስል የሚባለው ነው። ሐሳቡ የመጣው ጆናታን ሼይ የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪም ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮችን ሲያክም ነው። በእኛ ሥራ ደግሞ እንዲህ ይመጣል፦ ማድረግ ያለብህን ታውቃለህ፣ ማድረግ ግን አትችልም። መድኃኒቱ አልቋል። አንድ ቬንትሌተር (የመተንፈሻ መሣሪያ) አለ፣ የሚፈልጉት ሁለት ሰዎች ናቸው። እንዲህ ያለ ቁስል በእንቅልፍና በእረፍት አይሽርም። ይህ ሰው «እረፍት ውሰድ» ሲባል ይናደዳል፣ ልክም ነው። የሚያስፈልገው «ያ ውሳኔ የአንተ ብቻ አልነበረም» የሚለውና ለጎደለው ነገር አብሮት የሚጮህ ሰው ነው።

አራተኛው ድባቴ ነው። ይህኛው ጋውን ሲወልቅ አብሮ አይወልቅም። በዓመት ፈቃድም፣ ከልጆች ጋር ሲጫወቱም አይለቅም። ሐዘኑ ወይም ከሁሉም ነገር ደስታ ማጣቱ አብዛኛውን ቀን ይዞ 2 ሳምንት ከቆየ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከተዛባ፣ ወደ ሕክምና የሚሄድ ነገር ነው። አራቱ ተደራርበው ሊመጡም ይችላሉ። የእናንተ ሥራ ምርመራ መስጠት አይደለም፤ ሁሉንም በአንድ ምክር አለመሸኘት ነው።

ደረጃ 2፦ ቀይ እስክሪብቶ አንሱና ፕሮግራሙን ቁጠሩ

ብዙ ሰው ይህን ዘሎ ወደ «ስልጠና» ይሮጣል። እባካችሁ አትዝለሉት።

ያለፉትን 4 ሳምንታት የዲዩቲ ፕሮግራም አውጡ። የተለጠፈውን ሳይሆን በእውነት የተሠራውን። ቅያሬውን፣ ድርቡን፣ «ትንሽ ቆይልን» ተብሎ የተጨመረውን ሁሉ አስገቡ። ከዚያ እነዚህን በቀይ አክብቡ፦

- በሁለት ፈረቃ መሐል 11 ሰዓት ሳያርፍ የተመለሰ ሰው፤
- ከ3 ሌሊት በላይ ያከታተለ ሰው፤
- በሳምንት ከ48 ሰዓት በላይ የሠራ ሰው፤
- በወሩ ውስጥ አንድም ሙሉ ቅዳሜና እሁድ ያላረፈ ሰው።

11 ሰዓቱና 48 ሰዓቱ የአውሮፓ ኅብረት የሥራ ሰዓት ሕግ ያስቀመጣቸው ልኮች ናቸው። 48ቱ አማካይ ነው። ሕጉ የእነሱ ነው፣ የሰው አካል ግን የትም አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 አውስትራሊያ ውስጥ የተደረገ አንድ ጥናት 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው እንደሚወርድ አሳይቷል። 24 ሰዓት ሲሞላ ወደ 0.10 ይጠጋል። ጠጥቶ የመጣን ሰው ከዋርድ እናስወጣለን። ሌሊቱን ሙሉ የቆመውን ደግሞ ጠዋት ራውንድ (በሽተኞችን በየአልጋው ማየት) እናስጀምረዋለን።

የከበባችሁትን ቆጥራችሁ ስትጨርሱ አንድ ሁለት ስም ደጋግሞ ይመጣል። ሁልጊዜ «እሺ» የሚሉት ናቸው። ልጅ የሌላቸው፣ አዲስ የተቀጠሩ፣ እምቢ ማለት የሚያፍሩ። ከእነሱ ጀምሩ።

ሰው ሳይጨመር ምን ማስተካከል ይቻላል? ከምታስቡት በላይ። ፈረቃውን ከጠዋት ወደ ከሰዓት፣ ከዚያ ወደ ሌሊት አዙሩት፤ ወደ ኋላ ማዞር ለእንቅልፍ ይከብዳል። ከሌሊት ተከታታይ በኋላ ቢያንስ ሁለት ቀን ይረፍ፤ ሌሊቱን ሠርቶ ጠዋት ቤቱ የገባበት ቀን እረፍት ተብሎ አይቆጠርም። ፕሮግራሙን ቢያንስ ከ2 ሳምንት በፊት ለጥፉ፤ ሰው የራሱን ኑሮ ማቀድ ሲችል ብቻ እንኳ ቀለል ይለዋል። ሌሊት ላይ በተራ 20 ደቂቃ ማሸለብን ፍቀዱ፣ በግልጽ ፍቀዱ። ከዚያ ከረዘመ ሰውየው ሲነቃ ድንዝዝ ይላል። እንደነቃም ወዲያው የመድኃኒት ልክ እንዲያሰላ አታድርጉ። ከሌሊት ዲዩቲ ወጥቶ መኪና የሚነዳ ካለ አስቀድሞ አሸልቦ ይሂድ፣ ወይም ሌላ ሰው ይንዳለት።

እረፍትን በተመለከተ አንድ ነገር ጠጋ ብዬ ላሳያችሁ። «ሂጂ፣ ትንሽ እረፊ» ማለት ምንም ማለት አይደለም። ማን ይሸፍናታል? የምትሄደው አይኗን ዋርዱ ላይ ጥላ ነው። እንዲህ በሉ፦ «ቁልፉንና ስልኩን ስጪኝ። 4 እና 5 ቁጥርን እኔ አያለሁ። 9 ሰዓት ላይ የሚሰጥ መድኃኒት አለ? እሺ፣ እኔ እሰጣለሁ። 30 ደቂቃ እስኪሞላ እንዳላይሽ።» ቁልፉ ከኪሷ ሲወጣ ትከሻዋ ሲወርድ ታዩታላችሁ።

ደረጃ 3፦ በር ያለው ክፍል

ይህ አጭር ነው። የሚዘጋ በር፣ ሁለት ወንበር፣ የሚጠጣ ውኃ፣ ስልክ ቻርጅ ማድረጊያ። መጋዘን የሆነች ጠባብ ክፍል ብትሆንም ካርቶኑን አውጡና ስጧቸው። ሰው የሚያለቅሰው ሽንት ቤት ውስጥ ከሆነ ዋርዳችሁ ይህ ክፍል የለውም ማለት ነው።

ደረጃ 4፦ በትክክል መጠየቅ

የዓለም ጤና ድርጅትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት የመጀመሪያ ሥነ ልቦናዊ እርዳታ መመሪያ ሥራውን በሦስት ቃል ይጠቀልለዋል፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። የተዘጋጀው አደጋ ለደረሰባቸው ሰዎች ነው። ለባልደረባም ልክክ ብሎ ይሠራል።

*ማየት።* የምትፈልጉት ለውጥን ነው፣ ጠባይን አይደለም። ዝምተኛ ሰው ዝም ቢል ምንም አይደል። ዋርዱን የሚያስቀው ሰው ሳምንት ሙሉ ዝም ካለ ግን አንድ ነገር አለ። ቻርት የማታዘገየው ማዘግየት ጀመረች። አንዴ የሚያረጋግጠውን የመድኃኒት አምፑል ሦስት አራት ጊዜ እያነሳ ያያል። ትንሽ ነገር ታስቆጣዋለች። የሕመም ፈቃድ በዛ። ሌላም አለ፣ ብዙዎቻችን የምናልፈው፦ ተጨማሪ ዲዩቲ እየለመነ የሚወስድ ሰው። ገንዘብ ፈልጎ ሊሆን ይችላል። ግን ቤት ሄዶ ከራሱ ሐሳብ ጋር ብቻውን መቀመጥ ፈርቶም ሊሆን ይችላል።

ስታዩ ዙሪያችሁን ሁሉ እዩ። ሲኒየር ስፔሻሊስቱን ማንም አይጠይቀውም፤ ሁሉም እሱን ይፈራል፣ እሱም መጠየቅን አልለመደም። ከታች ደግሞ ደሙን የሚጠርገውን የጽዳት ሠራተኛ፣ አስከሬኑን የሚገፋውን ፖርተር፣ የአምቡላንሱን ሹፌር፣ ሐዘንተኛ የሚጮህበትን ጥበቃ እንረሳለን። ሕፃኑ በሞተበት ሌሊት አልጋውን ያጸዳውን ሰው እኔ ስሙን እንኳ አልጠየቅኩም።

*ማዳመጥ።* ቦታ ምረጡ። ራውንድ ላይ፣ ርክክብ ላይ፣ በሽተኛ ፊት አይሆንም። ጎን ለጎን እየሄዱ ማውራት ፊት ለፊት ከመቀመጥ ይቀላል። 10 ደቂቃ ይበቃል።

«ደህና ነሽ?» አትበሉ። እሱ ሰላምታ ነው፤ መልሱም ሳይታሰብ ይወጣል። ይልቅ ያያችሁትን ተናገሩ፦

«ሲስተር፣ ማክሰኞ ከዚያ ልጅ በኋላ ብዙም አታወሪም። ትናንት ደግሞ ከርክክብ በኋላ ለብቻሽ ተቀምጠሽ አየሁሽ። እንዴት ነው የያዘሽ?»

ከዚያ ዝም በሉ። ከባዱ ክፍል ይሄ ነው። በልባችሁ እስከ 10 ቁጠሩ። ዝምታው የሚጨንቀው እናንተን ነው፤ እሷ ቃል እየፈለገች ነው።

ለሲኒየር ሐኪም ከሆነ አክብሮቱ ሳይጎድል ያው ነው፦ «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ካለፈው ሳምንቱ ቀዶ ሕክምና ወዲህ ደክመው አየዎታለሁ። የሚያግዝ ነገር ካለ እኔ አለሁ።» ምናልባት ኮስተር ብሎ ያልፍ ይሆናል። ይሁን፤ መታየቱን ግን ያውቃል።

«ምንም አልሆንኩም» ካለቻችሁስ? አትከራከሩ፣ አትመኑም። «እሺ። ሐሙስ ደግሜ እጠይቅሻለሁ» በሉ። ሐሙስ ደግማችሁ ጠይቁ። በእኔ ልምድ ሰው የሚናገረው በሁለተኛው ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ከልብ መሆን አለመሆኑን መፈተኛ ነው።

የማይባሉ ነገሮች አሉ። «እኛ ጊዜ 36 ሰዓት ነበር የምንቆመው።» «የባሰም አለ።» «ትለምጂዋለሽ።» «ይህን ሙያ ስትመርጪ አታውቂም ነበር?» ደግሞ «አይዞሽ» አለ። «አይዞሽ» ቆንጆ ቃል ነው፣ ጉዳት የለውም። ግን መቼ እንደምንለው ልብ በሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ወሬውን ዘግተን ለመሄድ ስንፈልግ ነው። ካላችሁም አጠገቧ ተቀምጣችሁ በሉት።

*ማገናኘት።* ሰምቶ መለያየት ግማሽ ሥራ ነው። «ለነገ የሚያቀልልሽ አንድ ነገር ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቅያሬ ሊሆን ይችላል። የዚያን በሽተኛ ቤተሰብ አለማግኘት ሊሆን ይችላል። ባለሙያ ማየት ከፈለገች ስልክ ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፎ መስጠት አይበቃም፤ አብራችሁ ደውሉ፣ ሰዓቱን ፕሮግራሙ ላይ አስተካክሉላት።

የሰማችሁት ነገር ደግሞ ከዚያ አይለፍ። በማግሥቱ ርክክብ ላይ «እሷን እንኳ ተዋት፣ ሰሞኑን ልክ አይደለችም» የሚል ቃል ከወጣ፣ ከዚያ በኋላ በዚያ ዋርድ ውስጥ የሚናገራችሁ ሰው የለም። ለበሽተኞቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ስንል እንውላለን። ባልደረባችን የሚደብቀው ሐሜቱን ስለሚያውቅ ነው።

ደረጃ 5፦ ከከባድ ክስተት በኋላ

ያልተጠበቀ ሞት፣ የአስታማሚ ጥቃት፣ የሕክምና ስህተት። በተለይ ስህተት። አልበርት ዉ የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2000 ስህተት የሠራውን ባለሙያ «ሁለተኛው ተጎጂ» ብለው ጻፉ። ስያሜው የተጎዱ በሽተኞችን ቤተሰቦች ያስቆጣል፤ እኔም እውነት አላቸው እላለሁ። ነገሩ ግን አለ። የአሥርዮሽ ነጥቧ አንድ ቦታ ተሳስታ አሥር እጥፍ መድኃኒት የሰጠ ሰው ያችን ነጥብ ዓመታት ሙሉ በሕልሙ ያያታል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ በሽተኛው። ከዚያ ቤተሰቡ እውነቱን ይስማ። ከዚያ ወዲያውኑ ባለሙያው። «በኋላ እናናግረዋለን» የሚባለው በኋላ አይመጣም።

የመጀመሪያው ሰዓት፦ በሽተኞቹን ሌላ ሰው ይረከብ። እሱን በር ወዳለው ክፍል ወስዳችሁ አስቀምጡ፣ ውኃ ስጡ። ለበሽተኛው ደኅንነት ከሚያስፈልገው ውጭ «እንዴት እንዲህ ታደርጋለህ?» የሚል ጥያቄ አይነሳ። ወደ ቤት መሄድ ወይስ መቆየት እንደሚፈልግ ጠይቁት፤ አንዳንዱ ሥራ ላይ ሲሆን ይረጋጋል። ከሄደ ብቻውን አይሂድ፤ ቤት የሚቀበለው ሰው መኖሩንም አረጋግጡ።

ቡድኑን ከመበተኑ በፊት 5 ደቂቃ ሰብስቡ። ምን ሆነ፣ ምን ቀረ፣ ማን ከማን ጋር ይሄዳል። በቃ። እዚህ ላይ በቅን ልብ የሚሠራ ስህተት አለ፦ ሁሉንም ክብ ሠርቶ አስቀምጦ የደረሰውን እንዲተርኩና ስሜታቸውን እንዲዘረግፉ ማስገደድ። በአንድ ቁጭታ የሚደረግ እንዲህ ያለ ውይይት በጥናቶች ሲመዘን በኋላ የሚመጣውን የአእምሮ ጉዳት አይከላከልም። አንዳንዱን እንዲያውም አብሶበታል። የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክረውም። መናገር የፈለገ ይናገር፣ ያልፈለገ ይተው።

የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት፦ በማግሥቱ ደውሉ። ሁለተኛው ሌሊት ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ይከብዳል፣ ያን አስቀድማችሁ ንገሩት። ምስሉ ደጋግሞ ቢመጣበት፣ ልቡ ቢመታ፣ እንቅልፍ ቢያጣ ማበድ እንዳልሆነ ይወቅ። በመጠጥ ወይም ከዋርዱ ቁም ሣጥን በራሱ በወሰደው የእንቅልፍ መድኃኒት ለመተኛት እንዳይሞክር በግልጽ ንገሩት። እጃችን መድኃኒቱ ላይ ስለሆነ ፈተናው ከሌላው ሰው ይልቅ ለእኛ ቅርብ ነው። ለቡድኑ ደግሞ የሆነውን በአንድ አፍ ንገሩ፤ ካልተነገረ ኮሪደሩ የራሱን ታሪክ ይሠራል።

እስከ አንድ ወር፦ ምርመራ ካለ ቀኑን፣ ማን እንደሚጠይቀው፣ ምን ይዞ እንደሚቀርብ አስቀድሞ ይወቅ። የሚመረምረውና የሚደግፈው ሰው አንድ አይሁን። ይህ ሕግ ነው ብላችሁ ያዙት። ቅዠቱ፣ መደንበሩ፣ ከዚያ ክፍል መሸሹ ከአንድ ወር ካለፈ የባለሙያ እርዳታ ያስፈልጋል።

ደረጃ 6፦ በወር አንድ ሰዓት

ማይክል ባሊንት የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለንደን ውስጥ ጠቅላላ ሐኪሞችን እየሰበሰበ ስለ በሽተኞቻቸው ያወያይ ነበር። ስለ በሽታው አይደለም፤ ያ በሽተኛ ሐኪሙ ውስጥ ስለሚቀሰቅሰው ነገር። ቦስተን ውስጥ ደግሞ ኬኔት ሽዋርዝ የተባለ ጠበቃ በሳንባ ካንሰር ታምሞ እ.ኤ.አ. በ1995 ከማረፉ በፊት፣ ያስታመሙት ሰዎች ያሳዩት ርኅራኄ ምን ያህል እንዳቀለለለት ጽፎ ነበር። በስሙ የተጠራው የባለሙያዎች መድረክ በ1997 ተጀምሮ ዛሬ በብዙ ሆስፒታሎች ይካሄዳል።

እናንተ በትንሹ ጀምሩ። ቀንና ሰዓት ቁረጡ፣ ሁለት ፈረቃ የሚገናኝበት ይሁን። አንድ ርዕስ፦ «የማልረሳው በሽተኛ»። ሁለት ሰዎች አስቀድመው ተዘጋጅተው አምስት አምስት ደቂቃ ይናገሩ። ከዚያ ክፍት ነው። ሕጉ ሁለት ነው፦ «እንዲህ ብታደርግ ኖሮ» አይባልም፣ የተነገረው ከክፍሉ አይወጣም። ሥራ አስኪያጁ ከመጣ ሊያዳምጥ እንጂ ሊመልስ አይምጣ። ሐኪሙም ጽዳቷም እኩል ወንበር ላይ ይቀመጡ። መጀመሪያ ቀን አራት ሰው ብቻ ቢመጣ አትዘኑ፣ አትሰርዙም።

ደረጃ 7፦ ከእናንተ አቅም በላይ ሲሆን

እነዚህን ካያችሁ ነገ አትበሉ፦ «ብሞት ይሻለኝ ነበር»፣ «ለሁሉም ሸክም ሆኛለሁ» የሚል ንግግር፤ ዕቃውን ማደል፣ ስንብት የሚመስል መልእክት፤ መጠጥ ወይም መድኃኒት አብዝቶ መውሰድ፤ ከማደንዘዣ ወይም ከአደገኛ መድኃኒቶች መዝገብ ላይ የማይታረቅ ቁጥር። ከረጅም ጭንቀት በኋላ በድንገት የመጣ እርጋታም ሁልጊዜ መልካም ዜና አይደለም።

በቀጥታ ጠይቁ፦ «በእነዚህ ቀናት ራስሽን ስለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፤ ብዙ ጊዜ እፎይታ ይሰጣል። «አዎ» ካለች ብቻዋን አትተዉአት። መድኃኒት ቤት፣ ማደንዘዣ ክፍል፣ ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን ለጊዜው ከእጇ ይውጣ። በዚያው ቀን የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ወይም ድንገተኛ ክፍል ዘንድ አብራችኋት ሂዱ። ምስጢር መጠበቅ እዚህ ላይ ገደብ አለው፤ ይህንንም ራሷ ትወቀው።

አስቸኳይ ካልሆነ ደግሞ ፒኤችኪው-9 የሚባለው መጠይቅ ይረዳል። ያለፉትን 2 ሳምንታት የሚመለከቱ 9 ጥያቄዎች ናቸው፤ ድምሩ ከ0 እስከ 27 ይደርሳል። 10ና ከዚያ በላይ ከሆነ ባለሙያ ማየት ያስፈልጋል። 9ኛው ጥያቄ ራስን ስለ መጉዳት ነው፤ እሱ ላይ ከ0 ውጭ የሆነ መልስ ካለ ድምሩ አነስተኛ ቢሆንም ችላ አይባልም። ለራሱ ይሙላው፣ ወረቀቱ የሠራተኛ ፋይል ውስጥ አይግባ።

የሚታከምበትን ቦታ በተመለከተ፣ ከተቻለ ከሚሠራበት ተቋም ውጭ ይሁን። ነገ ራውንድ ላይ አብሮት ለሚቆም ሰው ማን ልቡን ይከፍታል?

ደረጃ 8፦ ሲመለስ

የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት የቀን ፈረቃ ብቻ፣ ሰዓቱም አጠር ይበል። ከመምጣቱ በፊት ደውላችሁ «ለሰው ምን እንበል?» ብላችሁ ጠይቁት፤ እሱ ያለውን ብቻ በሉ። የሆነው ነገር አንድ ክፍል ውስጥ ከሆነ ወደዚያ የሚገባው ከሰው ጋር ይሁን። እንደ እንቁላል አትያዙት። ሥራ ስጡት።

ደረጃ 9፦ ወደ ላይ መጻፍ

ደረጃ 2 ላይ የከበባችሁት ወረቀት እዚህ ያገለግላል። «ሠራተኞቻችን ተጨናንቀዋል» የሚል ደብዳቤ ፋይል ይሆናል። «ባለፉት 4 ሳምንታት 7 ሰዎች 11 ሰዓት ሳያርፉ ተመልሰዋል፤ ለሌሊት ፈረቃ አንድ ሰው ይጨመር» የሚለውን ግን መመለስ ግድ ይላል። ሰባቱን በራሳችሁ ቁጥር ተኩት። ስም አትጻፉ።

ሠራተኛ ሲመታና ሲሰደብ «የሥራው ጠባይ ነው» የሚለውን አትቀበሉ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ቁጥር 190 ስምምነት ከጥቃትና ትንኮሳ ነፃ በሆነ ቦታ መሥራት መብት መሆኑን ደንግጓል። እያንዳንዱን በቀንና በሰዓት መዝግቡ።

የፈቃድ ማደሻና የቅጥር ቅጾችንም እዩ። በአንዳንድ አገሮች ቅጾቹ «በአእምሮ ሕመም ታክመህ ታውቃለህ?» ብለው ይጠይቁ ነበር፤ ሰውም ፈቃዴን አጣለሁ ብሎ ሳይታከም ይቀር ነበር። መጠየቅ ያለበት ዛሬ ሥራውን በደኅና እንዳይሠራ የሚያግደው ነገር መኖር አለመኖሩ ብቻ ነው። የእናንተም ቅጽ ያንን የድሮ ጥያቄ ከያዘ እንዲለወጥ ጻፉ።

የመጨረሻው፦ እናንተን የሚጠይቅ ሰው

ይህን ሁሉ ስታደርጉ የሰማችሁት ነገር እናንተ ውስጥ ይቀመጣል። አንድ ሰው ምረጡ። ከዋርዳችሁ ውጭ ቢሆን ይመረጣል፤ የማትሸፍኑለት፣ የማይፈራችሁ። ቀን ቁረጡለትና ይደውል።

እኔ የመረጥኩት ያችኑ ነርስ ነው። አሁን ሌላ ቦታ ትሠራለች። በየሳምንቱ እሑድ ማታ ትደውላለች። ባለፈው «እንዴት ነህ?» ስትለኝ «ምንም አልሆንኩም» አልኳት። ሳቀች። «እሺ» አለች፣ «ረቡዕ ደግሜ እደውላለሁ።» ረቡዕ ደወለች።